ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚታሰረው ልብስ ቆዳን ሲያቆስል

እናቴ የሆድ ኦፕራሲዮን አድርጋ፣ ሆድን የሚደግፍ ሰፊ የላስቲክ ቤልት ታስራ ቤት ከገባች ስምንተኛ ቀኗ ነበር። ቡና ቀርቧል፤ እሷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እጇን በነጠላዋ ስር አስገብታ ጎኗን ታሻሻለች። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ምንም አልሆንኩ፤ ቤልቱ ትንሽ ከርክሮኝ ነው» አለችኝ። መኝታ ቤት ወስጄ ስገልጠው የቤልቱ የታችኛው ጠርዝ ተጠቅልሎ ገመድ ሆኗል። ከስሩ፣ ከዳሌዋ አጥንት ላይ፣ የአውራ ጣት ስፋት ያለው ቆዳ ጠቁሮ መሃሉ ተልጧል፤ እርጥብ ነው። አራት ቀን ሆኖታል። «ዶክተሩ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው ብሎኛል። ብነግርሽ ታስፈቺኛለሽ ብዬ ቻልኩት» አለች።

እኔ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን «ቻልኩት» የሚል ቃል በሥራዬ ላይ ስሰማው ኖሬያለሁ። ከኦፕራሲዮን የወጣ ሰው ሕመምን መቻል እንዳለበት ያስባል፤ ልብሱ ሲቆረቁረውም ያው የመዳኑ ዋጋ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ማሳከኩ ሲብስበት አውልቆ ከትራሱ ስር ይከተዋል፣ ለማንም አይናገርም። አንዱ ቆዳውን ያጣል፣ ሌላው የልብሱን ጥቅም ያጣል። ልብሱ ቆዳን የሚያስቆጣባቸው መንገዶች ግን ጥቂት ናቸው፤ ምልክታቸው ይለያያል፣ አብዛኞቹም ልብሱ ሳይጣል ይስተካከላሉ። ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

ምን ያህል ሰዓት ሊወልቅ ይችላል?

ከቆዳው በፊት ይህ መታወቅ አለበት፤ መልሱም እንደ ልብሱ ዓይነት በጣም ይለያያል።

ከሆድ ወይም ከሄርኒያ ኦፕራሲዮን፣ እንዲሁም በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላ የሚታሰረው ቤልት ሥራው ስፌቱን መደገፍና ሕመሙን ማቅለል ነው። ሰው ሲያስል፣ ከአልጋ ሲነሳ፣ ሲራመድ ሆዱ እንዳይወጠርበት ይይዝለታል። ተኝተው ሳሉ ለተወሰነ ጊዜ ቢፈቱት ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም፤ ሐኪሙ በተለየ ምክንያት ሌሊትም ይታሰር ካላለ በቀር።

ከዳሌ፣ ከጉልበት ወይም ከሌላ ትልቅ ኦፕራሲዮን በኋላ የሚለበሰው ስቶኪንግ፣ ማለትም እግርን አጥብቆ የሚይዝ ረጅም የላስቲክ ካልሲ፣ ሥራው ሌላ ነው። ተኝቶ የሚውል ሰው እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ፣ ደሙን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ቀንም ሌሊትም የሚለበስ ነው፤ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ለመታጠብና ቆዳን ለማየት ይወልቅና ከግማሽ ሰዓት ሳይዘገይ ይመለሳል። ከቃጠሎና ቆዳ ከተተከለ በኋላ ጠባሳው እንዳያብጥ የሚለበሰው ደግሞ በቀን 23 ሰዓት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ነው። ከጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን በኋላ ክንዷ ያበጠባት ሴት የምትለብሰው እጅጌ አብዛኛውን ጊዜ ቀን ተለብሶ ሌሊት ይወልቃል። ሰውነት ላይ ያለ ስብ ካስወጡ በኋላ የሚለበሰው ደግሞ ለሳምንታት የሚቆይ ነው፣ ሰዓቱንም የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው።

ስለዚህ «ላውልቀው ወይስ ልቻለው?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ፦ በቀን ስንት ሰዓት? ሌሊትስ? ለስንት ሳምንት? ቆዳዬ ቢቆጣ ምን ያህል አርፌ ልመልሰው? መልሱን ወረቀት ላይ ያጽፉ። ይህን የሚጠይቅ በሽተኛ ጥቂት ነው፤ እኛም ሳንጠየቅ የምንናገረው ከሚገባው ያነሰ ነው።

መቀነትና ቤልት

ሆድን ማሰር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ከወሊድ በኋላ ሆዳቸውን በመቀነት ሲያስሩ ኖረዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሴቶች ቤልቱንም እንደ መቀነት ያዩታል፤ ከጠበቀ ይበልጥ ጥሩ፣ ከሰነበተ ይበልጥ ጥሩ። ግን መቀነት ጥጥ ነው። ላብ ይመጥጣል፣ አየር ያስገባል፣ ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ በራሱ ጊዜ ይላላል። ቤልቱ ናይለንና ላስቲክ ነው፤ አብዛኛው ላብን ይዞ ያስቀራል፣ በራሱም አይላላም። ባለቤቱ ካላየለት ማንም አያይለትም።

ከገበያ አምስት ኪሎ ድንች በፌስታል አንጠልጥለው የመጡ ጊዜ ጣትዎን አይተው ያውቃሉ? የፌስታሉ ማንጠልጠያ ተጠቅልሎ ክር ስለሚሆን ጣትን ቆርጦ ሊገባ ይደርሳል። ያንኑ ድንች ማንጠልጠያው ወፍራም በሆነ ዘንቢል ቢይዙት ክብደቱ ያው ነው፣ ጣትዎ ግን አያመውም። ቤልትና ስቶኪንግም እንዲሁ ናቸው። ጨርቁ ተዘርግቶ ሲቀመጥ ጉልበቱን ለሰፊ ቆዳ ያካፍላል፤ ጠርዙ ሲጠቀለል ያ ሁሉ ጉልበት በአንድ መስመር ላይ ያርፋል።

በቁጥር ቢታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ደም እንዳይረጋ ተብሎ የሚለበሰው ስቶኪንግ ጫናው የታወቀ ነው፤ የደም ግፊት በምንለካበት መለኪያ ቁርጭምጭሚት ላይ 18 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል፣ ባት ላይ 14፣ ጭን ላይ 8። ዩጂን ላንዲስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 በጥፍር ሥር ባሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ደሙ በሚገባበት በኩል 32 አካባቢ ሆኖ አገኘው። ከሰው ሰው ቢለያይም፣ የውጭው ጫና ከዚህ አልፎ ለሰዓታት ሲቆይ ደም ወደ ቆዳው መግባት ይቸግረዋል። ባት ላይ 14 የነበረው ጨርቅ ታጥፎ ሁለት ድርብ ሲሆን ወደ 28 ይጠጋል፤ ሦስት ድርብ ሲሆን 32ን ያልፋል። «ሲረዝምብኝ ወደ ታች አጠፍኩት» የሚል በሽተኛ ሳገኝ የምደነግጠው ለዚህ ነው። የረዘመ ስቶኪንግ አይታጠፍም፣ አይቆረጥም፤ በልኩ ይለወጣል።

እኩል የተወጠረ ላስቲክ ደግሞ በቀጭን ነገር ላይ ሲጠመጠም በወፍራም ነገር ላይ ካለው ይበልጥ ይጫናል። ለዚህ ነው ስቶኪንግ ሥጋ ያለውን ባት ትቶ የቅልጥምን ጠርዝ፣ ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማትና ቁርጭምጭሚትን የሚያቆስለው። ቤልትም ሰፊውን ሆድ ትቶ የዳሌን አጥንትና የመጨረሻዋን ጎድን ይይዛል። የከሳ ሰው ላይ ይብሳል፤ ከአጥንቱና ከልብሱ መካከል ትራስ የሚሆነው ሥጋ የለውም።

እናቴን ያቆሰላት ይኸው ነው። ቆማ ሳለች ቤልቱ ልክ ነበር። በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ ከወገቧ ከፍ ይላል፣ ሆዷ ይታጠፋል፣ ቤልቱም መሄጃ ሲያጣ ከታች ይጠቀለላል። ቡናውን አፍልታ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እስክታደርስ ሁለት ሰዓት ገመድ ታስራ እንደ መቀመጥ ነው።

ላብ የጀመረውን፣ እንቅስቃሴ ይጨርሰዋል

ሙሉ ቀን ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣቶቿን ብታይ ቆዳው ነጥቶ ተጨማድዶ ታገኘዋለች። ውኃ የጠጣ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ትንሽ ሲታሽ ይላጣል። በልብሱ ስር ላብ ሲጠራቀም የሚሆነውም ይኸው ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ እርምጃ ጨርቁ ወደዚያና ወደዚህ ይሄዳል። ደረቅ ቆዳ ላይ ቢሆን ይንሸራተት ነበር፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ግን ይጣበቅና ቆዳውን ይዞት ይሄዳል። ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጡት ስር፣ ከጉልበት ጀርባ ያለው እጥፋትና በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላ ሆድ በስፌቱ ላይ የሚደረብበት ቦታ ቀድመው የሚነኩት ለዚህ ነው።

ደብረ ብርሃን ያለች ሴትና ድሬዳዋ ያለች ሴት አንድ ዓይነት ቤልት አስረው አንድ ዓይነት ቆዳ አይኖራቸውም። ጅዳ ወይም ኩዌት ሰው ቤት እየሠራች ኦፕራሲዮን ያደረገች እህታችን ደግሞ ከሙቀቱ በላይ ሌላ ችግር አለባት፤ አረፍ ብላ ልብሱን ፈትታ ቆዳዋን የምታናፍስበት ሰዓት ላይኖራት ይችላል። ለእሷ የምመክራት ቢያንስ ጠዋትና ማታ ስትታጠብ ቆዳዋን ሳታደርቅ እንዳታስር፣ በቀን አንዴም ከስር ያለውን የጥጥ ካናቴራ እንድትቀይር ነው። ካናቴራ መቀየር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጠበል የሚጠመቁ ሰዎችም አሉ። ስፌቱ ገና ካልደረቀ ቁስሉ እንዳይነካ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። የተፈቀደለት ሰውም ከልብሱ ጋር ተጠምቆ እርጥቡን ይዞ መዋል የለበትም፤ ልብሱን አውልቆ ገብቶ፣ ቆዳውን አድርቆ፣ ደረቁን ይልበስ።

በእኛ ቆዳ ላይ «መቅላት» ምን ይመስላል?

ይህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። መጻሕፍቱም ከልብሱ ጋር የሚመጣው ወረቀትም «ቆዳው ከቀላ ልብሱን ያውልቁ» ይላሉ። የተጻፈው ነጭ ቆዳ ታስቦ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ የተቆጣ ቦታ ብዙ ጊዜ አይቀላም፤ ከአካባቢው ይጠቁራል፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ይመስላል፣ ወይም ያብረቀርቃል። ጠይም እናቴን «ቀልቶብሻል?» ብላት «አልቀላም» ትለኝ ነበር፤ ውሸትም አይሆንም።

ስለዚህ ዓይንን ብቻ አይመኑ፤ እጅዎን ይጠቀሙ። የተጠረጠረውን ቦታ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፣ ከዚያ በሌላው ጎን ያለውን ተመሳሳይ ቦታ ይንኩት። ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል ወይስ ሊጥ ሆኗል? ሲነካ ያምማል? በደንብ በበራ ቦታ፣ በተቻለ በቀን ብርሃን ይዩት። ጀርባንና ተረከዝን ራስዎ ማየት ስለማይችሉ የቤት ሰው ይይልዎ፤ ስልክ ካለም ፎቶ ያንሱት። ዛሬ የተነሳው ነገ ለማወዳደር ይጠቅማል።

አሁን ትልቁ መለያ ይመጣል። ልብሱን አውልቀው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የጨርቁ ሽመናና የስፌቱ መስመር ቆዳ ላይ ታትሞ፣ ቀስ በቀስ ጠፍቶ፣ ቆዳውም ወደ መልኩ ከተመለሰ ይህ የካልሲ አሻራ እንደማለት ነው፤ አያስፈራም። ግማሽ ሰዓት አልፎ ምልክቱ እንዳለ ከሆነ፣ ይልቁንም ከአጥንት በላይ ከሆነና ከጠጠረ፣ ቆዳው መጎዳት ጀምሯል። እንደነበረ መልሶ ማሰር አይቻልም፤ ጫናው ከዚያ ቦታ መነሳት አለበት።

ልብሱ ሳይሆን ሌላው ሲሆን

ብዙ ጊዜ ልብሱ በሌላው ጥፋት ይወቀሳል። ኦፕራሲዮን ከመጀመሩ በፊት ሆድ ላይ የሚቀባው ቡናማ አዮዲን ወደ ጀርባና ወደ ጎን ወርዶ ሳይደርቅና ሳይታጠብ ልብስ ከታሰረበት ቆዳውን እንደ ቃጠሎ ያደርገዋል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታይ ነው፤ ቅርጹም እንደ ፈሰሰ ውኃ ነው። የቁስሉ ፕላስተር ደግሞ ተወጥሮ ከተለጠፈና ቆዳው ከስሩ ካበጠ፣ በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ ውኃ የቋጠረ ይወጣል። እሱን ልብስ በማላላት አያድኑትም፤ ፕላስተሩ ተቀይሮ ሳይወጠር መለጠፍ አለበት። የውኃ ቋጠሮውን አያፍርጡት።

አለርጂ የራሱ ጠባይ አለው። ጫናና ላብ ያስቆጡት ቆዳ ያቃጥላል፣ ይለበልባል፤ ልብሱ ከነካው ቦታም አይወጣም። አለርጂ ግን በዋናነት ያሳክካል፤ ልብሱ በተለበሰ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመጣል፣ ጥቃቅን ሽፍታና ውኃ ያዘሉ ነጠብጣቦች ያወጣል፣ ልብሱ ካልደረሰበት ቦታም ሊሻገር ይችላል። መነሻው በላስቲኩ ውስጥ የሚጨመሩ ኬሚካሎች ወይም የጨርቁ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ሰው ሠራሽ ጨርቆች ላይ ያሉ አንዳንድ ቀለሞች ይታወቃሉ። ጓንት ወይም ፊኛ ሲነካው የሚያሳክከው ሰው ይህን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ቅባት አያድነውም፤ ላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) የሌለበት፣ ቀለም ያልተነከረ ሌላ ልብስ ይፈለግለት። ስቶኪንጉ ጭን ላይ እንዳይወርድ ከውስጥ የተለጠፈው የሲሊኮን ማሰሪያም ላብ አፍኖ ያንኑ ቀለበት ብቻ ያስቆጣል። ያኔ ጥፋቱ የማሰሪያው ነውና ማሰሪያ የሌለው ዓይነት ይጠየቃል።

በእጥፋት ውስጥ የሚያሳክክ፣ እርጥብ፣ ጠርዙ የተላጠ፣ ከዋናው ቦታ ወጣ ብለው የተበተኑ ትናንሽ ነጠብጣቦች ያሉት ከሆነ ደግሞ ፈንገስ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ስኳር ያለበት ሰውና አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ላይ ይበዛል። በጤና ባለሙያ ታይቶ በክሎትሪማዞል ክሬም ይታከማል፤ ቦታው ደረቅ ካልሆነ ግን ይመለሳል።

እዚህ ላይ ከልቤ የምለምነው ነገር አለ። የሚያሳክክ ቆዳ ይዞ ፋርማሲ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ይዞ ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን ማሳከኩ ጸጥ ይላል፤ ሰዉም ዳንኩ ይላል። መድኃኒቱ ግን ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያፍን ነው። ፈንገስ ከሆነ ከስር ያሰፋዋል፤ ሰንበት ሲል ቆዳውን ያሳሳዋል፤ በተጣበቀ ልብስ ስር ሲሆን ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባው መጠን ይጨምራል። ለአለርጂ ሐኪም አይቶ በቀን ቆጥሮ ሊያዘው ይችላል። በራስዎ ግን አይቀቡት፤ ስፌት አጠገብማ በፍጹም።

እናቴን እንዴት እንዳከምናት

ቤልቱን ፈታሁና ጀርባዋ ላይ አስተኛኋት። የተላጠውን ቦታ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ አጠብኩት፤ ሳሙና አላስነካሁትም። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ አምስት አካባቢ ነው፤ የልብስ ሳሙናና ብዙው የገላ ሳሙና ግን ዘጠኝና ዐሥር ይደርሳል፣ የተቆጣን ቆዳም ይበልጥ ያስቆጣል። ከዚያ ብዙ በመታጠብ የለሰለሰ ነጭ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሁ አደረቅኩት፤ አላሸሁትም። እሷ ቅቤ ይቀባልኝ አለች። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ሬት ይዘው መጡ፣ ቡና ዱቄትም ይነሰንስበት አሉ። እጃቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው፤ አላደረግሁትም ግን። ቅቤው፣ የጓዳው ማርም ቢሆን፣ ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ የተላጠ ቆዳ ላይ፣ ከአዲስ ስፌት አራት ጣት ርቆ፣ በታሸገ ልብስ ስር ልናስገባው አንችልም። የሕፃን ፓውደርም ላብ ሲነካው ተድቦልቡሎ እንደ አሸዋ ይፈገፍጋል። ዴቶልና አልኮልም ያቃጥላሉ እንጂ አያድኑም።

ያልተላጠው ጠርዝ ላይ ብቻ ስስ የዚንክ ክሬም ቀባሁ። የተላጠው ላይ ቁስል ላይ የማይጣበቅ ፋሻ አደረግንበት። ለቀዶ ሐኪሟ ደወልን፤ ሁለት ቀን ተኝታ ሳለች እንዳታስር፣ ስትነሳና ስትራመድ ብቻ እንድታስር ፈቀደላት።

ቤልቱን ስንመልስ ከስር የወንድሜን አሮጌ የጥጥ ካናቴራ አለበስኳት፤ ገልብጬ፣ የስፌቱ መስመር ወደ ውጭ እንዲሆን። ይህቺ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን የካናቴራ የጎን ስፌት በቤልት ሲጫን ራሱን የቻለ ገመድ ነው። ካናቴራው እስከ ዳሌ ድረስ ወርዶ ሳይጨማደድ ተወጠረ። ቤልቱን ተኝታ ሳለች አሰርን፤ ሰው ቆሞ ሲያስር ሆዱ ወደ ታች ይወርድና ልኩ ይበላሻል። ካሰርኩ በኋላ ሁለት ጣቴን ከጠርዙ ስር አስገባሁ፤ ሳይታገል ገባ። ረጅም ትንፋሽ ሳቢ አልኳት፣ ሳበች። ይህን ካለፈ ጥብቀቱ ልክ ነው። ለቡናውም ከበርጩማዋ ወደ ወንበር አዛወርናት። ቅር አላት፤ ሰው ቡና የሚያፈላው ወንበር ላይ ሆኖ አይደለም አለች። ለሦስት ሳምንት እህቴ አፈላች።

በአምስተኛው ቀን ደረቀ። ጥቁሩ ምልክት ግን ወራት ቆየ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ቀለሙን አብዝቶ ይተዋል፤ ቁስሉ አልዳነም ማለት አይደለም። ለማንጻት ብለው የሚያነጣ ቅባት አይቀቡበት።

ስቶኪንግ ለለበሱ

ስቶኪንግ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግር ሳያብጥ ይለበሳል። ቅባትና ሎሽን ለማታ ነው፤ ጠዋት የተቀባ እግር ላይ ይንሸራተትና ይጠቀለላል፣ ቅባቱም ላስቲኩን ያደክማል። ሌሊትም እንዲለብሱ ከታዘዙ በቀኑ መታጠቢያ ሰዓት ስስ አድርገው ቀብተው ቆዳው እስኪጠጣው ይጠብቁ። ቀለበት ያውልቁ፣ ጥፍር ይቁረጡ። የወጥ ቤት የላስቲክ ጓንት ካለ አድርገው ቢለብሱት ጨርቁን በመዳፍ እያሻሹ መዘርጋት ይቀላል። የተረከዙ ቦታ ተረከዝ ላይ መዋሉን፣ እግር ጣቶች በጠባብ ጫፍ አለመታነቃቸውን ይዩ። ከአልጋ የማይነሳ፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም ቆዳው የሳሳ ሰው ተረከዙና ቁርጭምጭሚቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የወጣ፣ ከ2,500 በላይ የስትሮክ በሽተኞችን ያካተተ ጥናት እስከ ጭን የሚደርስ ስቶኪንግ ከለበሱት ውስጥ 5 በመቶው ላይ የቆዳ መላጥ ወይም መቁሰል እንደደረሰ፣ ካልለበሱት ግን 1 በመቶው ላይ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ስትሮክ የያዘው ሰው እግሩ ሲቆረቆር ላይሰማው፣ ቢሰማውም ላይናገር ይችላል። ስኳር ያደነዘዘው እግርም እንደዚያው ነው።

ስኳር ላለበት፣ ሲጋራ ብዙ ዓመት ላጨሰ፣ ወይም ሲራመድ ባቱ እየያዘው ለሚቆም ሰው ስቶኪንግ ከመልበሱ በፊት የእግሩ ደም ዝውውር ይመርመር። ደም በችግር የሚደርስበትን እግር ማሰር እግሩን ሊያሳጣ ይችላል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከለትን፣ ወይም ጎረቤቱ ተጠቅሞ የተረፈውን ለብሶ የሚመጣ ብዙ ነው። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል፤ ልኩ ግን የሌላ ሰው ነው። ቁርጭምጭሚት ከሚቀጥንበት፣ ባት ከሚወፍርበት በሜትር ተለክቶ፣ ከዕቃው ሰንጠረዥ ጋር ተመሳክሮ ነው የሚገዛው። እብጠቱ ሲቀንስም እንደገና ይለካል፤ የኦፕራሲዮኑ ሰሞን ልክ የነበረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰፍቶ ይጨማደዳል።

እጥበቱን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ብዙ ሽፍታ ግን ከዚያ ይመጣል። የላብ ጨው የደረቀበት ልብስ ይከረክራል፤ ያልተለቀለቀ ኦሞም እርጥበት ሲያገኝ ቆዳ ላይ ይሟሟል። ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠብ፤ አረፋው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ይለቅለቅ። በረኪና አይነካውም፤ ማለስለሻም አይገባበትም። አይጠመዘዝ፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቅና ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ፀሐይ ላስቲኩን ያረጀዋል። ሁለት ካለዎት አንዱ ሲደርቅ አንዱን ይለብሳሉ። በየቀኑ የሚለበስ ስቶኪንግ በስድስት ወር አካባቢ ጉልበቱ ያልቃል።

ሳያድሩ የሚሄዱበት

ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ ልብሱን ያን ሰዓት ያውልቁትና ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ጥፍርን ተጭነው ሲለቁ ቀለሙ ቶሎ ካልተመለሰም እንዲሁ። የተቆጣው ቦታ ከሰዓት ሰዓት ከሰፋ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ፣ ብርድ ብርድ ካለዎትና ከተኮሰዎት ኢንፌክሽን ነው። ስፌቱ ከተከፈተ ወይም ፈሳሽ ካወጣም አይጠበቅም። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ድንገት ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከመጣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ እንዳይሆን አምቡላንስ ይጠራ።

እናቴ ለቀጠሮዋ ስትሄድ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ ስፌቱን አይቶ «ጥሩ ድኗል» ብሎ ወረቀቱን ሊጽፍ ሲል፣ እሷ ነጠላዋን ሰበሰበችና «ዶክተር፣ ሌሊቱንስ ልፍታው?» አለችው። «ይፍቱት እማማ፤ ቀን ሥራ ሲኖርዎ ብቻ ይሰሩት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱንም ይተውት» አላት። ወደ እኔ ዞራ «ጻፊው» አለችኝ።